በደመወዝ ሰሞን መስኮት ላይ ያሉ ቴለሮች በምን ይረጋጉ?

የመስኮት ሱፐርቫይዘር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ስለሚሠሩ ቴለሮች ነው። በተራ ቀን ሥራው ያደክማል እንጂ አይሰብርም። ደመወዝ በሚገባበት ሰሞን ግን ሰልፉ ከበር ይወጣና ልጆቹ ከጠዋት እስከ ማታ ልባቸው ተሰቅሎ ይውላል።

የሚፈተኑት ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ደንበኛ ሲጮህባቸው ነው። ሁለተኛው ለዚያ ሁሉ ሰልፍ «ሲስተም የለም» ብለው መናገር ሲኖርባቸው። ሦስተኛውና የከፋው ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ሲመጣ ነው። ጉድለት ከኪስ ስለሚተካ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ እጅ ድጋሚ ሲቆጥሩ ደግሞ ሌላ ስህተት ይጨምራሉ።

«በረጅሙ ተንፍሱ» የሚለውን ምክር ሁሉም ያውቀዋል፤ አንዳንዶቹን ግን ሲሞክሩት ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ከዚያ በኋላ እርግፍ አድርገው ይተዉታል። ከወንበር ሳይነሡ፣ ደንበኛው ሳያውቅ፣ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ የሚሆን ነገር አለ? ምሳ ሰዓት ላይና ማታ ቤትስ ምን ይደረግ? ቡናውን ምን ትሉታላችሁ? በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ የሚውሉም አሉ። «ጠንከር በሉ» ከሚለው ያለፈ፣ እንዴት እንደሚደረግና ለምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ መልስ ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።


የሥነ አእምሮ ነርስ፦

ራሳቸውን የሚያዞራቸው ምክሩ በግማሹ ስለደረሳቸው ነው። «በረጅሙ ተንፍሱ» ሲባል አብዛኛው ሰው ደረቱን ሞልቶ ይስባል፣ ወዲያው ይደግማል። በተከታታይ በኃይል ሲሳብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ያኔ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ይዞራል፣ የጣት ጫፍና የከንፈር ዙሪያ ይነዝራል፣ ደረት ይጠባል። ልጅቷ ይህ ሲሰማት «አየር አጠረኝ» ብላ ይበልጥ ትስባለች፤ ስትስብ ይብስባታል። ድሮ ይመከር የነበረውን በወረቀት ከረጢት መተንፈስም አትሞክሩት፤ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ይጎዳል።

የሚያረጋጋው ማስወጣቱ ነው። አየር ስናስገባ ልብ በጥቂቱ ፈጠን ትላለች፣ ስናስወጣ ዝግ ትላለች። ይህን የሚያደርገው ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ እስከ ልብና ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ማስወጫው ከማስገቢያው ይርዘም።

መስኮት ላይ ሲሆን፣ ሁለቱም እግር መሬት ይርገጥ፣ ጀርባ ወንበሩን ይደገፍ፣ ትከሻ ይውረድ። በአፍንጫ፣ በለሆሳስ፣ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት። ሆድ ትንሽ ይነፋ፤ ደረት ከተነሣ ብዙ ተስቧል ማለት ነው። ከዚያ በአፍንጫ ወይም ገርበብ ባለ ከንፈር እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ይፈጃል፣ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። እናንተ ባላችሁት አንድ ደቂቃ ተኩል 9 ዙር ይገባል፤ ደንበኛው ቅጽ ሞልቶ እስኪፈርም ያለው ጊዜ ለጥቂቱ ይበቃል፣ የቀረው በሚቀጥለው ክፍተት ይሞላል። 6 የሚረዝምባቸው በ3 አስገብተው በ4 ወይም በ5 ያስወጡ። ትንፋሽን አፍኖ መያዝ አያስፈልግም፤ ለጀማሪ ጭንቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ደረታቸውን ጭንቅ ለሚላቸው ደግሞ ሌላ አጭር መንገድ አለ። በአፍንጫ ያስገባሉ፣ ሳያስወጡ ከላይ አንድ ትንሽ ይጨምራሉ፣ ከዚያ በአፍ ቀስ ብለው እስኪያልቅ ይለቁታል። ልጅ አልቅሶ ሲበቃው ሳይታወቀው እንደሚተነፍሰው ማለት ነው። ከ1 እስከ 3 ጊዜ ይበቃል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን በየቀኑ ለ5 ደቂቃ ለአንድ ወር የሠሩ ሰዎች ዝም ብለው ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ከተከታተሉት ይልቅ ስሜታቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል።

የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ፣ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው በደመወዝ ቀን፣ ሰልፉ ፊት ነው። ያኔ አይሠራም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ፣ በሰላሙ ሰዓት፣ በቀን 5 ደቂቃ መለማመድ ያስፈልጋል፤ ሰውነት ያልለመደውን በጭንቅ ሰዓት አያገኘውም። ሁለተኛ፣ ብር እየቆጠሩ ትንፋሽ መቁጠር አይቻልም፤ ሁለቱ ቁጥሮች ይደባለቃሉ። እጅ ላይ ብር ካለ ቁጥሩን ትቶ ማስወጫውን ብቻ ማርዘም ነው። ሦስተኛ፣ «ልቤ ረጋች ወይ?» እያሉ በየመሃሉ ደረትን ማዳመጥ ልብን ያፋጥናታል፤ ሐሳብ ትንፋሹን ማስወጣቱ ላይ ይሁን። አራተኛ፣ ብዙዎቹ ዘግይተው ይጀምሩታል። ጭንቀቱን ከ0 እስከ 10 እንዲመዝኑት አስተምሯቸው። 4 ላይ ሲጀምሩ ይሠራል፤ 9 ላይ ሲደርሱ ግን ከወንበር መነሣት ይሻላል።

ለመነሣት ዕድል ካለ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ግንባርና ጉንጭ ላይ ለ30 ሰከንድ ያህል መያዝ ልብን ዝግ ያደርጋል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን ይተው።


የሥነ ልቦና አማካሪ፦

ነርሷ ስለ ሰውነቱ የሚባለውን ሁሉ ብላዋለች። እኔ ስለሚጮኸው ደንበኛ ልናገር።

ብዙ ቴለሮች ቁጣቸውን ውጠው ፊታቸውን ድንጋይ ማድረግን እንደ ሙያ ያዩታል። ዋጋ ያስከፍላል። ፊት ዝም ሲል ውስጥ አይረጋም፤ ከዚያም በላይ ስሜቱን ለማፈን የሚሄደው ጉልበት ከማስታወስ ላይ ይቀነሳል። ቴለር ደግሞ «12 ሺ» የተባለውን «20 ሺ» ብሎ ከሰማ ማታ ይከፍለዋል።

የሚሻለው በልብ ስሙን መጥራት ነው፣ በአንድ ቃል፦ «ተናደድኩ»፣ «ተሸማቀቅኩ»፣ «ሰጋሁ»፣ «ራበኝ»። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት እንዳሳየው ሰው ያየውን ስሜት በቃል ሲሰይም አሚግዳላ የሚባለው የድንጋጤ ማዕከል እንቅስቃሴው ይቀንሳል። በአንድ ቃል ያልኩት በምክንያት ነው። «ተናደድኩ፣ ይሄ ሰውዬ ማን ስለሆነ ነው...» ከተባለ ስም መስጠቱ ቀርቶ ክርክር ተጀመረ ማለት ነው፤ ክርክር ደግሞ እሳቱን ያራግበዋል። «ደበረኝ» ብሎ ማለፍም ብዙ አይረዳም፤ ረሃቡን ከንዴቱ ካልለዩት መፍትሔውም አይለይም።

ከዚያ አስቀድሞ የተዘጋጀ «ይህ ከሆነ፣ ይህን አደርጋለሁ» ያስፈልጋል። በትንሽ ወረቀት ይጻፍና ኪቦርዱ ሥር ይቀመጥ። ለምሳሌ፦ «ደንበኛ ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ፣ አንዴ ትንፋሼን በረጅሙ አስወጣለሁ፣ ከዚያ ‹ጋሼ፣ እውነት ነው፣ ብዙ ቆመዋል። አሁን የእርስዎን ልጨርስልዎ› እላለሁ።» እስክሪብቶውን ማስቀመጡ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ዕቅዱን የሚያስነሣው እሱ ነው፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ቃሉ ይከተላል። ለአንድ ሁኔታ አንድ ዕቅድ ብቻ ይኑር። አምስት አማራጭ የያዘ ሰው በዚያች ሰከንድ አንዱንም አያስታውስም።

ድምፅ ከደንበኛው ድምፅ ዝቅና ዘገም ይበል። «ይረጋጉ» የሚለውን ቃል ግን አትጠቀሙ፤ የተቆጣ ሰው እንደ ንቀት ይሰማዋል። እማማ፣ አባባ፣ ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድሜ፣ እህቴ የሚሉት ሠላሳ ደቂቃ ከቆመ ሰው ጋር ብዙ ሥራ ይሠራሉ፤ ከልብ ከተባሉ ነው ታዲያ።

ሲስተም ሲጠፋ ደግሞ የማይያዝ ቃል አይሰጥ። «አሁን ይመጣል» ከተባለና ካልመጣ ቁጣው በልጅቷ ላይ ይወርዳል። እንዲህ ይባል፦ «ሲስተሙ ቆሟል። መቼ እንደሚመለስ አልነገሩንም። በየ10 ደቂቃው የደረሰበትን እነግራችኋለሁ።» 10 ደቂቃው ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖርም ተነሥቶ «እስካሁን አልተመለሰም» ማለት ግዴታ ነው። ሰው ከመጠበቁ ይበልጥ የሚያበሳጨው መረሳቱ ነው።

ተቆጪው ሲሄድ ቀጣዩን ወዲያው አትጥሩ። 20 ሰከንድ፦ ሁለት መዳፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ፣ ዓይን የሚያያቸውን 3 ነገሮች፣ ጆሮ የሚሰማቸውን 2 ድምፆች፣ እጅ የሚነካውን 1 ነገር በልብ መጥራት። ይህ ከታለፈ ቀጣዩ ደንበኛ የፊተኛውን ቁጣ ይቀምሳል።

ምሳ ሰዓት ላይ የሆነውን አንድ ጊዜ መናገር ጥሩ ነው፣ በተለይ «አንቺ ብትሆኚ ምን ትይው ነበር?» ተብሎ ከተጠየቀ። ሰዓቱን ሙሉ ሰውዬውን ሲረግሙ መዋል ግን «ወጣልኝ» ያሰኝ እንደሆነ እንጂ ቁጣውን አይቀንሰውም፤ እንደ አዲስ ያሞቀዋል። ከተቻለ 10 ደቂቃ ውጭ ወጥቶ መራመድ ይሻላል።


የቅርንጫፍ ኦዲተር፦

እኔ ስለ ጉድለቱ። ጉድለት ሲመጣ ከሁሉ የሚያረጋጋው የሚከተሉት ሥርዓት ነው። እጅ ምን እንደሚሠራ ሲያውቅ ጭንቅላት ይከተላል።

የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች አትቁጠሩ። ልዩነቱን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ መሳቢያውን ቆልፉ፣ ተነሥታችሁ ውሃ ጠጡ። በድንጋጤ የሚደረግ ድጋሚ ቆጠራ ብዙ ጊዜ ያንኑ ስህተት ይደግማል፣ ወይም ሰው እንዲሞላ የፈለገውን ቁጥር ያያል። ሁለተኛውን ቆጠራ ሌላ ሰው ይቁጠረው።

ከዚያ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ አኃዝ ተገላብጦ ወይም ዜሮ ተዘሎ ሊሆን ይችላል፤ 5,400 ተብሎ መግባት የነበረበት 4,500 ቢባል ልዩነቱ 900 ነው፣ 5,000 በ500 ቢገባ 4,500 ነው፤ ሁለቱም ለ9 ይካፈላሉ። ካልሆነ ልዩነቱን ለ2 አካፍሉና ያንን መጠን የያዘ ቫውቸር (የገቢ ወይም የወጪ ማስረጃ ቅጽ) ፈልጉ። የ3,000 ጉድለት ካለ፣ የ1,500 ብር ወጪ በገቢ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ሲስተሙ 1,500 ገባ ብሎ ይጠብቃል፣ እውነቱ ግን 1,500 ወጥቷል።

ልዩነቱ ልክ 100 ከሆነ የ200 ብር ኖት በ100 ታስቦ ወጥቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። የ200 ብር ኖት በ2013 ዓ.ም. መስከረም ከወጣ ወዲህ ይህ የታወቀ ስህተት ነው። ልክ 10,000 ከሆነ አንድ እስር ነው፤ 100 ቅጠል ባለ 100 ብር 10,000፣ ባለ 200 ብር 20,000 ነው። እነዚህ ሁሉ ካልያዙ ቫውቸሩን ከሲስተሙ ጋር በሰዓት ቅደም ተከተል ማመሳከር ነው። ሲስተሙ ጠፍቶ ከተመለሰበት ደቂቃ ጀምሩ፤ መልስ ሳይመጣ የተቋረጠ ግብይት ሁለት ጊዜ የሚመዘገበው እዚያ ነው።

ለሱፐርቫይዘሯ የምለው ደግሞ ይኸው። ቀትር ላይ፣ በ6 ሰዓት፣ መስኮቱን ለ10 ደቂቃ ዘግታችሁ የግማሽ ቀን ሒሳብ አመሳክሩ። በዚያ ሰልፍ የማይታሰብ ይመስላል፤ ነገር ግን ማታ የሚፈለገው ስህተት በግማሽ ቀን ውስጥ ብቻ እንዲሆን ያደርገዋል፣ ልጆቹም ከሰዓት በኋላ ልባቸው ሳይንጠለጠል ይሠራሉ። ጉድለት ሲመጣ ስም ተጠርቶ አዳራሹ ውስጥ አይነገር። በር አጠገብ ያለው መስኮት ሁልጊዜ የአንድ ሰው አይሁን፣ በየሁለት ሰዓቱ ይቀያየሩ። አንድ ሰው ወደ ሰልፉ ወጥቶ ቅጽ ያልሞላውንና መታወቂያ ያልያዘውን አስቀድሞ ይለይ፤ ጩኸቱ የሚጀምረው አንድ ሰዓት ቆሞ መስኮት ላይ «መታወቂያ የለም» ሲባል ነው።

ይህን በአጽንዖት እላለሁ፤ ምሳ ሰዓት እየቆረጡ ትንፋሽ ማስተማር ልክ አይደለም። ሰኔ 23 የዓመት ሒሳብ ሲዘጋ ይህ ሁሉ እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ፈረቃው ከግንቦት ጀምሮ ይታቀድ።


የመድኃኒት ባለሙያ፦

ቡናን በተመለከተ ሲኒ ከመቁጠር ሰዓት መቁጠር ይሻላል፤ በአንድ ሲኒ ያለው ካፌይን እንደ አፈላሉና እንደ ሲኒው ይለያያልና። አቦሉና በረካውም እኩል አይደሉም። በአማካይ ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጠጣ ሰው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሩቡ ደሙ ውስጥ አለ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ ጊዜው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት እንኳ ሲወሰድ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለጤነኛ አዋቂ በቀን 400፣ ለነፍሰ ጡር 200 ሚሊ ግራም እንዳይታለፍ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ይመክራል። በደመወዝ ሰሞን የመጨረሻዋ ሲኒ ከቀኑ ሰባት ሰዓት አትለፍ።

ለጾመኞቹ ችግሩ ረሃብ ብቻ አይመስለኝም። በየጠዋቱ ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት፣ ንጭንጭና ድብርት ይጀምረዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይበረታል፣ እስከ 9 ቀን ሊዘልቅ ይችላል። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሲቃረብ ከሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በየ3 እና 4 ቀኑ ሩብ ያህል እየቀነሱ መሄድ ይሻላል። የደም ስኳር ሲወርድ ደግሞ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ልብ ይመታል። ስሜቱ ከጭንቀት ጋር አንድ ስለሆነ ሰው «ፈራሁ» ብሎ ይተረጉመዋል። ማታ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮና ውሃ በደንብ ይወሰድ፤ ጾሙ ሲፈታ በስኳር ሻይ ብቻ አይጀመር። ከባዱ ሥራና ትልልቁ ክፍያ ከቀትር በፊት ይመደብላቸው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ጫት ድካም ያባርራል ብለው ምሳ ሰዓት ላይ የሚቅሙ ካሉ፣ ምርቃናው ሲወርድ ንጭንጭና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል፤ ያንን ለማብረድ ጨብሲ ሲጨመር የማግስቱ ጠዋት ይበላሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለእጅ መንቀጥቀጥ ተብሎ ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት ከጓደኛ ተቀብለው የሚውጡ ሰዎች አሉ። አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ የስኳር ሕመምተኛ ላይ ደግሞ የስኳር መውረድን ምልክት ይደብቃል። ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ንቃትን ያደነዝዛል፣ የቆጠራ ስህተት ይጨምራል፣ በሳምንታት ውስጥም ሱስ ማስያዝ ይችላል። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ።


የመስኮት ሱፐርቫይዘር (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያልጠበቅሁትን ያህል ነው ያገኘሁት። የ9ኙን ማካፈል ነገ ለሁሉም አሳያለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሥራው አልቆ ቤት ገብተው እንቅልፍ እምቢ ለሚላቸው ምን ይደረግ? የሐኪም ጉዳይ መሆኑስ በምን ይታወቃል?


የሥነ ልቦና አማካሪ፦

ሐሳቡን አልጋ ላይ ማባረር አይቻልም፤ ቀድሞ ሌላ ቦታ ማስተናገድ ነው። ማታ ከእራት በፊት፣ ለምሳሌ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለ20 ደቂቃ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀት ለሁለት መክፈል። በአንዱ በኩል ነገ ሊደረግ የሚችለው፣ በሌላው ከእጅ ውጭ የሆነው። የመጀመሪያው ጎን እያንዳንዱ መስመር በግሥ ይጀመር፦ «የ1,500ውን ቫውቸር ጠይቂ»። ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀቱ ይታጠፋል። ሌሊት ሐሳቡ ሲመለስ «ነገ 12 ሰዓት ተኩል» ተብሎ ይቀጠራል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ሐሳቡ ቀጠሮውን አያከብርም፣ ያ ማለት ግን አልሠራም ማለት አይደለም። አልጋ ላይ ሆኖ መጻፍ ግን ይበላሻል፣ አልጋው የጭንቀት ቦታ ይሆናል።

ከመተኛት በፊት 5 ደቂቃ የነገን ሥራ ዝርዝር መጻፍም ይጠቅማል። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የነገውን የጻፉት፣ የሠሩትን ከጻፉት 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዝርዝሩ በዘረዘረ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል።

ሰውነታቸው ለደረቀባቸው ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1920ዎቹ ያዘጋጀው ጡንቻ የማላላት ልምምድ አለ። ጡጫ፣ ክንድ፣ ትከሻ፣ ፊት፣ ሆድ፣ ጭን፣ ባት፤ በዚህ ቅደም ተከተል አንዱን ለ5 ሰከንድ ማጠንከር፣ በአንድ ጊዜ መልቀቅ፣ ለ20 ሰከንድ ልዩነቱን ማዳመጥ። ሁለት ዙር ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ሙሉ ኃይል አይደረግ፤ በተለይ ባት ላይ ጡንቻ ጨምድዶ ይይዛል። የተጎዳ ቦታ ካለ ይታለፍ።

20 ደቂቃ ያህል ተኝተው እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን ሌላ ክፍል መቀመጥ፣ ሲያንጎላጅ መመለስ። ስልክ አይነካ። ማታው ምንም ያህል ቢበላሽ የመነሻ ሰዓት አይቀየር።


የሥነ አእምሮ ነርስ፦

የሐኪም ጉዳይ የሚሆንበትን እኔ ልጨምር። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከሰው መሸሽ፣ ወይም በማይገባው ነገር ማልቀስ ብዙውን ቀን እየታየ ሁለት ሳምንት ካለፈ። ለመረጋጋት መጠጥ ካስፈለገ። እሑድ ማታ ሰኞን በማሰብ ማስመለስ ከጀመረ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከተሰማ ደግሞ ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያኑ ቀን ሰው አብሮት ይሂድ፣ ብቻውን አይተው። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌላ ቦታ በቅርብ ባለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና አገልግሎት መኖሩን መጠየቅ ነው።

በድንገት ልብ የሚመታበት፣ የሚያልብበትና «ልሞት ነው» የሚያስብል ድንጋጤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይወርዳል። ያም ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ወይም የደረት ሕመሙ ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ፣ ጭንቀት ነው ብሎ መተው አይገባም፤ መጀመሪያ ልቡ ይታይ።


ሌላ አንባቢ፦

ይቅርታ፣ ጸሎት ለምን አልተነሣም? ብዙዎቹ ልጆች መስኮት ላይ ሆነው በልባቸው የሚሉት እሱን ነው።


የሥነ አእምሮ ነርስ፦

ልክ ነዎት፣ መነሣት ነበረበት። በ2001 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት ካቶሊኮች በላቲን የሚደግሙትን የመቁጠሪያ ጸሎትና አንድ የዮጋ ማንትራ ለካ። ሁለቱም ትንፋሽን ወደ ደቂቃ 6 አወረዱት፣ የልብ ምቱንም አብረው አመጣጠኑት። በደቂቃ 6 ከላይ የተናገርኩት ፍጥነት ነው።

ስለዚህ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚል ሰው አንዱን በአንድ ማስወጫ ላይ ይበለው፣ አስገብቶ ይድገም። በ10 ሰከንድ አንድ ሲባል 41ዱ 7 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ለምሳ ዕረፍት በቂ ነው፣ ለመስኮት ደግሞ ስድስቱ ወይም ዘጠኙ። ተስቢህ የሚያደርጉም እንዲሁ፣ 33ቱ በዚህ ፍጥነት አምስት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። አፈጣጥኖ መደጋገም ግን ትንፋሽን ያሳጥራልና ለዚህ ጉዳይ አይረዳም፤ መቁጠሪያውን በጣት ቀስ እያሉ ማሳለፉ ፍጥነቱን ይይዛል።